ከጆሮ ጡሩምባ እስከ ዲጂታል መሣሪያ፦ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያዎች ታሪክና የምርጫቸው መመዘኛ

የመስማት አቅሙ የቀነሰ ሰው ምርመራውን ጨርሶ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ሲነገረው፣ ለሐኪሙ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «የትኛው ይሻለኛል? ውዱ ወይስ ዋጋው ቀለል ያለው?» የሚል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ለመሣሪያው የሚከፈለው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ፣ አንዳንዴም ብድር ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ርዳታ በመሆኑ መልሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። መሣሪያው ለባለቤቱ ካልተስማማ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ገንዘቡም ይባክናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕመምተኛው «የጆሮ ማሽን ለእኔ አይሆንም» ብሎ ተስፋ መቁረጡና ከቤተሰቡ ጨዋታ፣ ከማኅበሩና ከዕድሩ ቀስ በቀስ እየራቀ መሄዱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያዎችን ታሪክ በአጭሩ በመቃኘት፣ ዛሬ በገበያ ላይ «መሠረታዊ»፣ «መካከለኛ» እና «ከፍተኛ» እየተባሉ የሚቀርቡት የቴክኖሎጂ ደረጃዎች በምን እንደሚለያዩ ማስረዳት ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት መሣሪያው ደጋግሞ ከሥረ መሠረቱ ተለውጧል፤ በየጊዜውም አዲሱ ያለፈውን ሁሉ እንደሚያስንቅ ተነግሮለታል። ታሪኩን በጥሞና የተመለከተ ግን አንድ ነገር ይረዳል፤ የሕመምተኛውን ጥቅም በዋናነት የወሰነው የመሣሪያው ረቂቅነት ሳይሆን የመስማት ጉድለቱ በሚገባ መለካቱ፣ መሣሪያው በዚያ ልኬት መስተካከሉና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረው ዘመን

የሰው ልጅ የመጀመሪያው የመስሚያ አጋዥ የገዛ እጁ ነው። መዳፉን ከጆሮው ኋላ ያደረገ ሰው ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ በጥቂት ዴሲቤል ያጎላል። የጆሮ ጡሩምባም የዚሁ ሐሳብ ቅጥያ ነበር፤ ሰፊው አፍ ድምፁን ይሰበስባል፣ ጠባቡ ጫፍ ደግሞ ወደ ጆሮ ቦይ ያደርሰዋል። ጡሩምባው በአውሮፓ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይታወቅ ነበር፤ ለንግድ መመረት የጀመረው ግን በ1800 ገደማ በለንደን በፍሬድሪክ ሬይን ድርጅት ነው።

ይኸው ድርጅት በ1819 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለዮሐንስ 6ኛ የሠራው ዙፋን በታሪክ የታወቀ ነው። የዙፋኑ ክንዶች ውስጣቸው ክፍት ሆኖ ጫፋቸው አፉን በከፈተ አንበሳ ራስ አምሳል ተቀርጿል። ባለጉዳዩ ተንበርክኮ ወደ አንበሳው አፍ ሲናገር ድምፁ በቱቦ አልፎ ከንጉሡ ጆሮ ይደርስ ነበር። ዙፋኑ የንጉሡን ክብር ጠብቆ ችግሩን የሚደብቅ ብልሃት ነበር። መሣሪያውን የመደበቅ ፍላጎት እስከ ዛሬ በምርጫ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያለው በመሆኑ ይህን ምሳሌ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የሙዚቃ ደራሲው ቤቴሆቨንም በ1810ሮቹ ዮሐን ሜልዝል የሠራለትን ልዩ ልዩ ጡሩምባዎች ተጠቅሟል። ነገር ግን የመስማት ችሎታው ይበልጥ እየደከመ ሲሄድ ጡሩምባዎቹ አልረዱትም፤ ከ1818 ጀምሮ ከእንግዶቹ ጋር በደብተር ላይ በጽሑፍ ይነጋገር ነበር። ድምፅን መሰብሰብ የሚጠቅመው የተወሰነ የመስማት አቅም ለቀረው ሰው ብቻ መሆኑን የእርሱ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ካርቦን፣ ቫክዩም ቱቦና የመጀመሪያዎቹ መለኪያዎች

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ስልክን በፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥና መልሶ ድምፅ ማድረግ የሚቻል ሆነ። የቤል እናትም ሆነ ባለቤቱ መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በ1898 አሜሪካዊው ሚለር ሪስ ሃችሰን በካርቦን ማይክሮፎን የሚሠራ የኤሌክትሪክ መስሚያ አዘጋጀ። የካርቦን መሣሪያ ድምፅን የሚያጎላው በመጠኑ ነው፤ የሚያስተላልፈው የድምፅ ድግግሞሽ ጠባብ ሲሆን የራሱም ጩኸት ነበረበት። በመሆኑም ከፍተኛ ጉድለት ላለበት ሰው እምብዛም አልጠቀመም።

ቫክዩም ቱቦ ይህን ገደብ ሰበረ። በ1921 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የቱቦ መሣሪያ ድምፅን በእጅጉ ማጉላት ቢችልም ከነባትሪው በቀላሉ የሚያዝ አልነበረም። ቱቦዎቹ እየተቀነሱ ሄደው መሣሪያው በደረት ላይ መንጠልጠል የጀመረው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ነው።

በዚሁ ዘመን ለሕክምና ከመሣሪያው ባልተናነሰ የሚጠቅም ሌላ ነገር ተገኘ፤ እርሱም በ1922 በዌስተርን ኤሌክትሪክ የተሠራው ኦዲዮሜትር ነው። ከዚያ በፊት የመስማት ጉድለት የሚመረመረው በሹክሹክታ፣ በሰዓት ድምፅና በቃኚ ሹካ ነበር። ኦዲዮሜትር ግን ጉድለቱ በየትኛው ድግግሞሽ ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሆነ በሥዕል አሳየ። «ይሰማል ወይስ አይሰማም?» የሚለው ጥያቄ «ምን ይሰማል? ምንስ ያመልጠዋል?» ወደሚል ተለወጠ።

ይህ ልዩነት በእኛ ቋንቋም ይታያል። እንደ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ያሉት ድምፆች ጉልበታቸው በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ሲሆን፣ አናባቢዎቹ ግን በዝቅተኛው ላይ ይበረታሉ። ከፍተኛውን ድግግሞሽ የማይሰማ ሰው የተናጋሪውን ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉን ግን ይስታል። «ስም» የተባለውን «ጥም»፣ «ሰማ» የተባለውን «ሸማ» አድርጎ ይሰማል። «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚለው የዘወትር አቤቱታ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

የ1940ዎቹ ክርክር፦ ለእያንዳንዱ ወይስ ለሁሉም?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ብዙዎቹ የመስማት ጉዳት ስለነበረባቸው ምርጫው በጥናት የሚመራበት ዘመን ተጀመረ። በፔንስልቬንያ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሬይመንድ ካርሃርት፣ ሕመምተኛው ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን በየተራ እያጠለቀ ንግግር የመለየት ችሎታው እየተለካ የሚሻለው እንዲመረጥለት የሚያደርግ ዘዴ በ1946 አሳተመ። በ1947 የወጣው የሃርቫርድ ጥናት ግን ለአብዛኛው ሕመምተኛ አንድ ዓይነት፣ ጠፍጣፋ ወይም በመጠኑ ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ የሚያዘነብል ማጉሊያ ይበቃል ሲል ደመደመ።

ብሪታንያም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሰች። በሕክምና ምርምር ምክር ቤቷ አማካይነት «ሜድሬስኮ» የተባለ አንድ ወጥ መሣሪያ አስነድፋ፣ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከተመሠረተበት ከ1948 ጀምሮ ለሕዝቡ በነጻ ማደል ጀመረች። መሣሪያው ግዙፍና በደረት የሚያዝ ቢሆንም፣ መስማትን የገንዘብ ያለው ብቻ ዕድል ከመሆን አውጥቶታል። ውሱን ሀብት ላላቸው አገሮች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሁለቱም ወገን እውነት ነበረ። ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የመሣሪያውን ዓይነት ከመደርደር ይልቅ ማጉሊያውን ከኦዲዮግራሙ በቀመር ማውጣትን መረጡ። ሳሙኤል ሊባርገር በ1944 ያቀረበው ሐሳብ ማጉሊያው የጉድለቱን ግማሽ ያህል ይሁን የሚል ነበር። ከ1976 ጀምሮ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የድምፅ ምርምር ተቋም፣ በተለይም ለሕፃናት ደግሞ የካናዳ ተመራማሪዎች ያወጧቸው ቀመሮች በዚሁ መንገድ የዳበሩ ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ የሥራው መሠረት ሆነው ያገለግላሉ።

ትራንዚስተርና የማነስ ሩጫ

በ1947 መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪ የተፈጠረው ትራንዚስተር ለግል መጠቀሚያ በሚሸጥ ዕቃ ላይ መጀመሪያ የዋለው በሬዲዮ ሳይሆን በመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ነው። በታኅሣሥ 1952 ሶኖቶን 1010 የተባለው መሣሪያ ሁለት ቱቦና አንድ ትራንዚስተር ይዞ በ229.50 ዶላር ለገበያ ቀረበ። የፈጠራው ባለቤት ለቤል መታሰቢያ እንዲሆን በማለት ከመስሚያ መሣሪያ አምራቾች የፈጠራ መብት ክፍያ አልጠየቀም።

ጥድፊያው ግን ያስከተለው ጉዳት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀትና ላብ መቋቋም አቅቷቸው ቶሎ ይበላሹ ነበር። በቤተ ሙከራ የሠራ ዕቃ በሰው ገላ ላይ እንደማይሠራ የታየበት አጋጣሚ ነው። ሽፋናቸው ከተሻሻለ በኋላ መሣሪያው ከደረት ወደ መነጽር ክንድና ወደ ጆሮ ጀርባ ወጣ። በ1964 የተቀናጀ ሰርኪዩት ያለው መሣሪያ ቀረበ፤ በ1962 የተፈለሰፈው ኤሌክትሬት ማይክሮፎን ደግሞ በ1970ዎቹ ድምፁን አጠራው። በ1983 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በጆሮ ቦይ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ማድረጋቸው በይፋ ሲታወቅ ትንንሾቹ መሣሪያዎች በእጅጉ ተፈለጉ።

ማነስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። መሣሪያው ባነሰ መጠን የባትሪው ዕድሜ ያጥራል፤ ኃይሉ ይወሰናል፤ ማይክሮፎኑና ድምፅ ማውጫው ስለሚቀራረቡ ፉጨት ይበዛል፤ ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ለደከመ አረጋዊም አያያዙ ያስቸግራል።

ከማጉላት ወደ ማስተካከል

የውስጥ ጆሮ ጉዳት ያለበት ሰው ችግር ዝቅተኛውን ድምፅ አለመስማት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ከ50 ዴሲቤል በታች የማይሰማ ሰው 100 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ እንደ ጤነኛው ሰው ሊያመው ይችላል። መጀመሪያ «ጮክ በል» የሚለው አባት ወዲያው «ለምን ትጮህብኛለህ?» ብሎ የሚቆጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያጎላ መሣሪያ ይህን ሰው ያሠቃየዋል። ኤድጋር ቪልቸር በ1973 ባሳተመው ጥናት ድምፁ በድግግሞሽ ተከፋፍሎ ዝቅተኛው ብዙ፣ ከፍተኛው ጥቂት እንዲጎላ ሐሳብ አቀረበ። «ኮምፕሬሽን» የሚባለው ይህ አሠራር ዛሬ በመሠረታዊዎቹ መሣሪያዎች ጭምር ይገኛል።

ዲጂታል መሣሪያ በ1987 በአሜሪካ ሲቀርብ ማቀነባበሪያው በወገብ የሚታሰር ትልቅ ዕቃ ስለነበር ገበያ አላገኘም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዴንማርኮቹ ዋይዴክስና ኦቲኮን ሁሉ ነገሩ በጆሮ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል መሣሪያ አወጡ። ከዚያ በኋላ ፉጨትን በስሌት ማጥፋት ተቻለ፤ በ2003 ገደማም የጆሮውን ቦይ ሳይደፍን የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ መጣ። በ2014 ደግሞ በቀጥታ ከስልክ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ተሸጠ።

«የቴክኖሎጂ ደረጃ» ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው የዋጋ ደረጃ የተወለደው ከዚህ የዲጂታል ለውጥ ነው። ድምፁን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም በመሆኑ አንድ አምራች ብዙውን ጊዜ በተመሳሳይ ቺፕ ላይ ልዩ ልዩ አገልግሎቶችን ከፍቶ ወይም ዘግቶ በተለያየ ዋጋ ያቀርባል። ስለዚህ የደረጃው ስም ሳይሆን የእያንዳንዱ አገልግሎት ፋይዳ ሊመረመር ይገባል።

የቻናል ብዛት፦ ቻናል ድምፁ ተከፋፍሎ የሚስተካከልበት ክፍል ነው። ከጥቂቶች ወደ በቂ ቁጥር ማደግ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ መጨመሩ ግን በንግግር መረዳት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው።

አቅጣጫ የሚለይ ማይክሮፎን፦ ተናጋሪው ከፊት፣ ጩኸቱ ከኋላ ሲሆን ንግግርን ለመለየት በእርግጥ ይረዳል። ይህ አገልግሎት በዝቅተኛው ደረጃም በአብዛኛው ይገኛል።

ጩኸት መቀነሻ፦ ድካምንና ምቾት ማጣትን ይቀንሳል፤ ቃልን የመለየት ችሎታን ግን እምብዛም አይጨምርም። ሕመምተኛው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ያዝናል።

ፉጨት ማጥፊያ፦ በተለይ ከፍተኛ ማጉሊያ ለሚያስፈልገው ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው።

የስልክ ግንኙነትና ከተናጋሪው አጠገብ የሚቀመጥ ተጨማሪ ማይክሮፎን፦ የመጀመሪያው ለሚጠቀምበት ሰው ምቹ ነው። ሁለተኛው ግን በጩኸት መካከልና በመማሪያ ክፍል ውስጥ ከየትኛውም የውስጥ ማቀነባበሪያ የላቀ ርዳታ ይሰጣል።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

በ2000 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በ360 ሕመምተኞች ላይ ሦስት ዓይነት ሰርኪዩቶችን አወዳድሯል። ሁሉም ሦስቱንም በየተራ ለሦስት ሦስት ወር ተጠቅመዋል። ሦስቱም መሣሪያዎች በጸጥታም በጩኸትም ግልጽ ጥቅም ሰጡ፤ በመካከላቸው የታየው ልዩነት ግን መሣሪያ በማድረግና ባለማድረግ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር።

በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ኮክስና ባልደረቦቿ በ2016 ባሳተሙት ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 70 ዓመት ገደማ የሆነ 45 ሰዎች የሁለት አምራቾችን መሠረታዊና ከፍተኛ ደረጃ መሣሪያዎች ለአንድ አንድ ወር ያህል ሞክረዋል። ደረጃው አልተነገራቸውም፤ ሁሉም መሣሪያዎች ግን በጥንቃቄ ተስተካክለውላቸዋል። በዕለት ተዕለት ንግግር መረዳትም ሆነ በኑሮ ጥራት ከፍተኛው ደረጃ ከመሠረታዊው በልጦ አልታየም።

በ2017 በላሪ ሂውምስ የተመራው ጥናት 154 ሰዎችን በሦስት ከፍሏል። አንዱ ቡድን ሙሉ የባለሙያ አገልግሎት አገኘ፤ ሁለተኛው ከተዘጋጁት መሣሪያዎች ራሱ መረጠ፤ ሦስተኛው የማያጎላ ፕላሴቦ ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቀራራቢ ጥቅም ሲያገኙ፣ የተከፈለው ዋጋ ከፍና ዝቅ ማለቱ ውጤቱን አልለወጠም። ሆኖም በባለሙያ ከተረዱት 81 በመቶ፣ ራሳቸው ከመረጡት 55 በመቶ፣ ከፕላሴቦዎቹ 36 በመቶ መሣሪያውን ለማስቀረት ፈለጉ። ሰው መሣሪያውን እንዲይዝ የሚያደርገው የባለሙያው ምክር ጭምር መሆኑን ይህ ውጤት ያመለክታል።

ከዚህ በመነሣት ከፍተኛው ደረጃ ለማንም አይጠቅምም ማለት አይቻልም። በስብሰባና በሕዝብ መካከል የሚውል ሰው ተጨማሪዎቹን አገልግሎቶች ሊፈልጋቸው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜውን በቤቱና በሰፈሩ የሚያሳልፍ አረጋዊ ግን ጥሪቱን በደረጃ ልዩነት ላይ ከሚያፈስ ይልቅ ለሁለቱም ጆሮዎቹ መሠረታዊ መሣሪያ ቢገዛና ቀሪውን ለክትትልና ለባትሪ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

በአገራችን ሁኔታ ሐኪሙ ሊያጤናቸው የሚገቡ

አንደኛ፣ ከመሣሪያው በፊት ጆሮው ይታይ። የጆሮ ኩክ ብቻውን የመስማት ችግር ያመጣል። ድንገት የመጣ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ያለ፣ ከማዞር ወይም ከሕመም ጋር የተያያዘ ጉድለት መሣሪያ ከመታዘዙ በፊት መንስኤው መጣራት አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚመግል ጆሮ በእኛ አገር ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ጆሮ በጠባብ መግጠሚያ መድፈን ፈሳሹን ያባብሳል። በቅድሚያ መታከም፣ አስፈላጊ ከሆነም አየር ማስገቢያ ያለው መግጠሚያ ወይም በአጥንት በኩል የሚያስተላልፍ መሣሪያ መታሰብ ይኖርበታል። አቧራ፣ ላብና ርጥበት ባለበት ሥራ ለተሰማራ ሰው ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት በጆሮ ቦይ ከሚገባው ይልቅ ይበረክታል።

ሦስተኛ፣ ባትሪው በሚኖርበት ከተማ ይገኝ እንደሆነ ይጠየቅ። በቁጥር 10፣ 312፣ 13 እና 675 የሚታወቁት የዚንክ አየር ባትሪዎች መጠናቸው ሲጨምር ዕድሜያቸውም ይረዝማል። በኃይል መሙያ የሚሠራው መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ችግር ሊፈጥር ይችላል።

አራተኛ፣ ከውጭ አገር በዘመድ የሚላኩ መሣሪያዎችን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡት መሣሪያዎች የተፈቀዱት ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ጉድለታቸውም ቀላል ወይም መካከለኛ ለሚመስላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ለሕፃን ወይም ከባድ ጉድለት ላለበት ሰው አይሆኑም። በሌላ ሰው ኦዲዮግራም የተስተካከለ ያገለገለ መሣሪያም እንደገና ሳይስተካከል መደረግ የለበትም፤ አንሶ ላይጠቅም፣ በዝቶም የቀረውን የመስማት አቅም ሊጎዳ ይችላል።

አምስተኛ፣ መሣሪያው በተሰጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕመምተኛው ይመለስ። ለዓመታት ጸጥታን የለመደ አእምሮ የሳህን ኳኳታና የገዛ ራሱ ድምፅ መጀመሪያ ያውከዋል። መላመድ ጊዜ እንደሚወስድ ለቤተሰቡም ሊነገር ይገባል።

መደምደሚያ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉ ሰዎች የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ድርጅቱ በ2001 ለታዳጊ አገሮች ያወጣው መመሪያም ሆነ በ2017 ያሳተመው የመሣሪያ መመዘኛ አጽንዖታቸው ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ጥንካሬው በቂ፣ አገልግሎቱም ቅርብ በሆነ መሣሪያ ላይ ነው። ሜድሬስኮ በ1948 ያሳየውም ይህንኑ ነበር።

«የትኛው ይሻለኛል?» ለሚለን ሕመምተኛ የምንሰጠው መልስ በዚህ ላይ ሊመሠረት ይገባል። የሚሻለው በእርሱ ጆሮ ልክ የተስተካከለለት፣ በእጁ ሊይዘው የሚችለው፣ ባትሪውን ሳይቸገር የሚገዛለትና ሲበላሽ የሚያሠራበት ቦታ ያለው መሣሪያ ነው። ሊገዛ ሲሄድም ሻጩን ስለ ቻናሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚለካው፣ ማን እንደሚያስተካክልለትና ስንት ጊዜ ተመልሶ መምጣት እንደሚችል እንዲጠይቅ ብንመክረው፣ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር የበለጠ እንጠቅመዋለን።